የድር ሥራ ፍሬምዎርክ ስለ መምረጥ

ከሃያ ሁለት እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም ባሉት ሻይ ቤቶች ላፕቶፕ ዘርግተው የሚከራከሩ ተማሪዎች አይጠፉም። ክርክሩም «ጃንጎ ይሻላል ወይስ ላራቬል?» የሚል ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አገባው የሚለኝ ቢኖር፥ የማኅበራችን የአባላት መዝገብ በድር ይሠራ ከተባለ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ፍሬምዎርክ ለቤት ምሰሶና ማገር እንደ ማለት ነው፤ መግቢያውን፥ መዝገቡንና ጥበቃውን አስቀድሞ አቁሞ የቀረውን ለሠሪው ይተዋል። ጃንጎ በአሜሪካ በካንሳስ በአንድ ጋዜጣ ቤት ተጀምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ከዚህም የተነሣ ጽሑፍ ማስገቢያና ማረሚያ ገጹ አብሮት ይመጣል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ላራቬል ደግሞ በፒኤችፒ የተሠራ ስለሆነ በርካሽ ኪራይ ሰርቨር ላይ ማስቀመጡ አያስቸግርም።

ዳሩ ግን ሁለቱንም የሚፈትን ነገር አለ፤ ይኸውም ጳጉሜን ነው። የጃንጎ ቋንቋ ፓይተን ከ12 በላይ ወር አይቀበልም፤ ፒኤችፒም ቀን ሲመረምር እንዲሁ ነው። በአሥራ ሦስት ወር ፀጋ ስንኩራራ ለኖርን ሰዎች ይህ ያስቃል! ጳጉሜን 3 የተወለደ ተማሪ ትክክለኛ ልደቱን ጽፎ «ስሕተት» ይባላል። መፍትሔው ቀኑን በመዝገቡ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር አኑሮ ለአንባቢው በእኛ ማሳየት ነው። ማሳየቱን የዛሬ ብራውዘሮች ያውቁበታል፤ ለመቀበሉ ግን ሠሪው መለወጫ መጨመር አለበት።

የማኅበር ኮሚቴ በየጊዜው ስለሚለወጥ፥ በእኔ አስተያየት የሚመረጠው ተተኪዎቹ ኮዱን አንብበው የሚያርሙት ነው። ፓይተን የተማሩ ከበዙ ጃንጎ፥ ፒኤችፒ የሚያውቁ ከበዙ ላራቬል ይያዝ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንዲት ትንሽ ቅጽ ሠርታችሁ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ብላችሁ አስገቡባት፤ በመዝገቡ ውስጥ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ መገኘት አለበት።