ለማስተማር ወደ ሰው አገር የሚሄድ ምን ይዞ ይሂድ?



ባለፈው ወር ከአባሎቻችን ሁለቱ ወደ ውጭ አገር ሄደው ያለ ደመወዝ ለማስተማር ማሰባቸውን በጉባኤ ፊት ሲገልጹ አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። እልልታው ሲበርድ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ የኔታ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ መሄዱስ ይሁን። ለመሆኑ የምትሄዱበት ሰው ምን ቸግሮት ነው? እዚህ ያለውንስ ልጅ ለማን ትታችሁት ነው?» አሉ። የሚመልስ አልተገኘም። የጥናት ክፍላችን ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ እየተሰበሰበ የተወያየበትን አሳጥረን እነሆ እናቀርባለን።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከመካነ ኢየሱስ ወደ ሰሜን ተጉዘን ፋርጣን ስናቋርጥ ደብረ ታቦር እንደርሳለን፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ደግሞ ጋፋት አለች። ጋፋት ስትነሣ የሁላችንም አሳብ ወደ ሴባስቶፖል መድፍ ይሮጣል። መድፉን ከሠሩት መካከል ብዙዎቹ ወደ አገራችን የመጡት ለማስተማር እንደ ነበረ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሙኤል ጎባት የተባለ የስዊስ ሰው በወጣትነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ ነበር። ኋላ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ ሲሆን፣ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ አደረገ። እነዚህ ወጣቶች መጽሐፍ ቅዱስንና የእጅ ሙያን አጣምረው የተማሩ ነበሩ። በሙያቸው እየሠሩ ሊያስተምሩ፣ በአማርኛ የታተመውንም መጽሐፍ ሊያድሉ አስበው በ1848 ዓ.ም. ገቡ። ዐፄ ቴዎድሮስም ተቀበሏቸው። የንጉሡ ፍላጎት ግን ሌላ ነበር። ሰባኪ በአገሩ ሞልቶ ነበርና፣ የጎደለው ብረት አቅላጭና መንገድ ሠሪ ነበር። እንግዶቹ ጋፋት ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከጊዜ በኋላም መድፍ አፍሱ ተባሉ። ከእነዚያ ወጣቶች ይህን ሥራ የተማረ አልነበረም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሞከሩ። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል በመጨረሻ ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ ሲሞቱ የጋፋት ሰዎች ቆይታም አበቃ።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። በሃይማኖት ትምህርት ከእነርሱ ጋር እንደማንስማማ የታወቀ ነው፤ ክርክሩ በዚህ አልነበረም። አንዲት እኅታችን፣ «መጽሐፍ ይዘው መጥተው በመድፍ ጨረሱ፤ የተላኩበትን ረስተዋል» አለች። ሌሎች ደግሞ በንጉሥ እጅ ያለ እንግዳ እምቢ የሚልበት አቅም ከየት ያመጣል ብለው ተሟገቱላቸው። አልተስማማንም፤ ጽሑፉም እንዳልተስማማን ይመስክር። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ተቀባዩ ምን እንደሚፈልግ ሳይጠይቅ የሚሄድ፣ ከደረሰ በኋላ ሌላው የፈለገውን ሲሠራ ይኖራል።

ለሚዛን ያህል ይህንንም እንጨምር። ከእነዚሁ ሰዎች አንዱ የነበረው ቴዎፊል ዋልድማየር አማርኛ ለምዶ፣ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነችውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ፣ በጋፋት ለልጆች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄዶ በ1865 ዓ.ም. ገደማ ብሩማና በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርት ቤቱ እስከ ዘመናችን ቆይቷል።

ከእኛ ወገን የሄዱትንም አይተናል። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካ ሲገቡ የአውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቀለቀ። ከሕዝቡ ብዙዎቹ ራስ ተፈሪያን ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ ያዩ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በዚያች ደሴት ስትመሠረት የማስተማሩ ሥራ የተሰጠው ለአባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ ለተባሉት አባት ነበር።

እስቲ ራሳችንን በእርሳቸው ቦታ እናስቀምጥ። ሊያስተምሩት የሄዱት ሕዝብ ገና ሳይደርሱ ይወዳቸዋል፤ የሚወዳቸው ግን እርሳቸው በማያስተምሩት ነገር ነው። በንጉሡ ስም አጥምቁን የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ከእኛ አንዱ ቢሆን ወይ ሕዝቡን ላለማስቀየም ይለሳለስ ነበር፣ ወይም በቁጣ ገሥጾ ያባርር ነበር። እርሳቸው በሥላሴ ስም ብቻ እንደሚያጠምቁ ቁርጡን ተናገሩ፤ በሩን ግን አልዘጉም። ቅር ብሏቸው የሄዱ ነበሩ፤ የተጠመቁትም ብዙ ናቸው። በዓለም የታወቀው ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በእኒሁ አባት እጅ የተጠመቀው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተመሠረተ 10 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ከመካከላችን ለሦስት ወር ሄዶ ፍሬ አይቶ ሊመለስ የሚያስብ ካለ ይህን ቁጥር ልብ ይበለው። ቋንቋውም አለ። በዚያ የተከልነው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውንም ትምህርቱንም በእንግሊዝኛ ማድረስ ነበረበት። እኛ በአማርኛ እንኳ «ምሥጢረ ሥጋዌ ምንድን ነው?» ተብለን ስንጠየቅ የምንንተባተብ ነን፤ በሌላ ቋንቋ እንዴት እንደምንሆን እንጃ።

ከዚህ ይልቅ ያስተማረን ግን የራሳችን ውድቀት ነው፤ ስለዚህ ሳንደብቅ እንናገረው። አምና በክረምት ሰባት ሆነን ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ ለማስተማር ሄደን ነበር። ትምህርቱን ከዚሁ ጽፈን አዘጋጅተን ወሰድን። ለሂሳብ ማስተማሪያ የሣልነው ሥዕል ባቡር ነበር። ባቡር አይቶ የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛም ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን 40 ልጆች መጡ። በሁለተኛው ሳምንት 9 ቀሩ። እኛም ሕዝቡ ለትምህርት ግድ የለውም ብለን እርስ በርሳችን አማን። በመጨረሻ አንዲት እማሆይ ጠርተውን፣ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ኑ ትሏቸዋላችሁ። ከብቱን እናንተ ልትጠብቁላቸው ነው?» አሉን። ሰዓቱን ወደ አመሻሽ፣ ከብት ከገባ በኋላ አዛወርነው። ልጆቹ ተመለሱ። እኛ ግን የቀረን አራት ቀን ብቻ ነበር።

ዲያቆኑ ፊልጶስ የኢትዮጵያውን ጃንደረባ ያስተማረበትን ታሪክ በየዓመቱ እንሰማለን። ስንሰማው ጥምቀቱን እንጂ ቅደም ተከተሉን አላስተዋልንም ነበር። ፊልጶስ መጀመሪያ ወደ ሠረገላው ቀረበ፤ ሰውየው የሚያነበውን አዳመጠ፤ ከዚያ ጠየቀ፤ ሲጋበዝ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ማስተማሩን የጀመረው ጃንደረባው ከያዘው ክፍል ነው። እኛ ያደረግነው የዚህን ግልባጭ ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ቢሆኑ ከእስክንድርያ ጳጳስ ሆነው ከመላካቸው በፊት በአክሱም አድገው፣ የአገሩን ጠባይና ቋንቋ አውቀው ነበር።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ብዙ አናበዛም። ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድ (አንድ ጊዜ ከተወጉት በኋላ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል)፣ የሚቀበለው ወገን ማደሪያውንና ምግቡን ማን እንደሚችል፣ ጊዜው ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤ የማይሰጥ፣ ይልቁንም ገንዘብ አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚል ካጋጠማችሁ ተመለሱ። በአፍሪካ ኅብረት ሥር በ2002 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉትን መርጦ፣ አስቀድሞ አሠልጥኖ፣ በሌላ አፍሪካዊ አገር ለአንድ ዓመት የሚያሠማራ በመሆኑ ሁለቱ አባሎቻችን እርሱንም እንዲያዩት መክረናል። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ እኛ የመጡት ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን እንኳ ከመነሣታቸው በፊት ዋሽንግተን ላይ አማርኛ ተምረው ነበር።

የየኔታ ሁለተኛ ጥያቄ ግን ከበደን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ዓመት ከዓመት ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ይህን እያዩ ወደ ውጭ መሄድ ምን ይባላል? ከፊሎቻችን መሄድ የለባቸውም አልን። ሌሎች የቤተ ልሔም ድጓ ወይም የዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት በጋይንት ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ የት ይደርስ ነበር ሲሉ ጠየቁ፤ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከየአገሩ የመጣው ተማሪ ነው ተምሮ፣ ተመልሶ፣ ያለ ደመወዝ ያስተማረው። ይህም እውነት ነው።

በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው። ሁለቱ እስከ ፋሲካ ድረስ በሳምንት ሦስት ቀን አመሻሽ ላይ በግቢያችን ፊደልና ሂሳብ ለልጆች ያስተምራሉ። ከመሄዳቸውም በፊት እያንዳንዳቸው ቦታቸውን የሚይዝ አንድ ሰው አሠልጥነው ለየኔታ ያስረክባሉ። ውሳኔው ሲነበብላቸው የኔታ፣ «ምትኩን አምጡና ከዚያ እመርቃችኋለሁ» አሉ።

ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ ምትክ የተገኘው ለአንዱ ብቻ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከእሑዱ ጉባኤ በኋላ የጥናት ክፍሉን አነጋግሩ።