የግንቡ በሮች ስማቸው ምን ይነግረናል?

በዛሬው «ከተማችንን እንወቅ» ዓምድ ስለ ፋሲል ግቢ በሮች አቀርብላችኋለሁ። «ግቢውንማ እናውቀዋለን፣ በየቀኑ በአጠገቡ ነው የምናልፈው» እንደምትሉ ይገባኛል። እኔም እንደዛ ነበር የምለው። ባለፈው ክበባችን ለጉብኝት ሲሄድ ግን አስጎብኚው «ግቢው 12 በሮች አሉት። የስንቱን ስም ታውቃላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን ሦስት በር የጠራ ልጅ አልነበረም። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ ያገኘሁትን እነሆ።

ጎንደር እንዴት መናገሻ ሆነች?

ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ብዙውን ጊዜ በድንኳን እየተዘዋወሩ ነበር የሚኖሩት። ወታደሩ፣ ካህናቱ፣ እንጀራ ጋጋሪዎቹ፣ ጠጅ ጣዮቹ ሁሉ ንጉሡን ተከትለው ይጓዙ ነበር። አፄ ፋሲለደስ ግን በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ጎንደርን ቋሚ መናገሻ አደረጓት። ግንባቸውንም በድንጋይና በኖራ አሠሩ። ከእሳቸው በኋላ አፄ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ አፄ ዳዊት፣ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩበት ግቢው አሁን የምናየውን መልክ ያዘ። ዙሪያውን የከበበው የድንጋይ አጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በሮቹና የድሮው ኑሮ

የበሮቹን ስም ልብ ብላችሁ ብታዩት፣ በዚያ ዘመን ማን ምን ይሠራ እንደነበር ይነግራችኋል። ስድስቱን ብቻ ልጥቀስ።

1. እምቢልታ በር፦ የሙዚቀኞች በር ነው። እምቢልታ በትንፋሽ የሚነፋ ረጅም መሣሪያ ነው።
2. ወንበር በር፦ የዳኞች በር ነው። ድሮ ዳኞች «ወንበር» ይባሉ ነበር።
3. ባልደራስ በር፦ የፈረሰኞች አለቃ በር ነው።
4. ተዝካሮ በር፦ ስሙ ከተዝካር የመጣ ነው። ተዝካር ለሞተ ሰው መታሰቢያ የሚደረግ ድግስ ነው።
5. እልፍኝ በር፦ እልፍኝ ማለት የንጉሡ የውስጥ ክፍል ነው።
6. አደናገር በር፦ የፈታዮች በር ነው። ከዚህ በር ሸማኔዎች ወደሚኖሩበት ወደ ቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን የሚያሻግር ድልድይ ነበረው።

ከግቢው ውጭም ብዙ ባለሙያ ነበር። በአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች ይኖሩ ነበር። እነሱ እስከ ምጽዋና እስከ ሱዳን ድረስ ይነግዱ ነበር። በገበያ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ነበር። ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ በግንበኝነት፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። እንግዲህ ጎንደርን ጎንደር ያደረጓት ነገሥታቱ ብቻ አይደሉም ማለት ነው።

እማማና እንዝርቷ

ማታ ቤት ስገባ አያቴ እንደ ልማዷ በር ላይ ቁጭ ብላ ትፈትል ነበር። «እማማ፣ ግቢው ውስጥ የፈታዮች በር የሚባል አለ» አልኳት። እንዝርቷን አቆመችና «እውነትህን ነው? እንግዲያስ እኛም በር አለን በላ!» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ሥራውን በተራ አስረዳችኝ። መጀመሪያ ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ሲበዛ በልቃቂት ይጠቀለልና ድርና ማግ ሆኖ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ለአንድ ጋቢ የሚበቃውን ለመፍተል ወር፣ ሁለት ወር ይፈጅባታል። እኔም ሞከርኩ። ክሩ ቶሎ ቶሎ ተበጠሰብኝ። «ቀስ በል ልጄ፣ ክር ቁጡ ሰው አይወድም» አለችኝ። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ከእናቴና ከአክስቶቼ መፍተል የሚችል የለም። እማማ ስታቆም በቤታችን ይህን ሥራ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልታስተምረኝ ተስማምተናል።

የራሴ ጥፋት

ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነበር፤ ግን ልናገር። 5ኛ ክፍል እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ግቢው ገብቼ በምስማር ስሜን ግድግዳው ላይ ጫርኩ። ያኔ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። በጉብኝቱ ቀን ተደብቄ ሄጄ አየሁት፤ አሁንም አለ። በጣቴ አሸሁት፣ አልለቀቀም። በአጠገቡም የሌሎች ልጆች ስም ሞልቷል።

ፈታዮቹ ስማቸውን የትም አልጫሩም፤ በሩ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በሥራቸው ይጠራል። የእኔ ስም ተጭሯል፤ ምን ሠርቼ ነው? እማማ ይህን ስነግራት አልተቆጣችም። «በል፣ ሌላው እንዳይጭር አንተ ንገር» ብቻ አለችኝ። ይኸው እየነገርኳችሁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ሁላችንም ብንተባበር ቅርሳችንን እንጠብቃለን። አንዱ ሲጭር ስናይ ዝም አንበል።

ለአንባቢዎች ጥያቄ

1. ጎንደርን ቋሚ መናገሻ ያደረጓት ንጉሥ ማን ናቸው?
2. የዳኞች በር ማን ይባላል?
3. በባዘቶና በልቃቂት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
4. እዚህ ያልጠቀስኳቸውን ስድስት በሮች ስም ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ አምጡ።

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ የክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቀድሞ በትክክል የመለሰ ተማሪ ሰኞ በሰልፍ ላይ ስሙ ይጠራል። እንግዲህ ስማችሁ እንዲታወቅ ከፈለጋችሁ በዚህ በኩል ይሁን። ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል