የሚያነብ መነጽር

ሐይቅ አጠገብ፣ ከማታ ትምህርት በኋላ፣ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «የሚያነብ መነጽር ወጥቷል አሉ። ታዲያ እኛ በሽምግልና ፊደል ስንቆጥር የምናመሸው ለምንድን ነው?» ያን ማታ ሳቅን እንጂ በቂ መልስ አልሰጠንም። ዛሬ እንመልሳለን።

መነጽሩ እውነት ነው፤ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ኢቫን ሰዘርላንድ የሚባል መምህር እ.ኤ.አ. በ1968 ዓይን ላይ የሚደረግ የኮምፒዩተር ማሳያ ሠራ። ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር አድርገውት ገበያ አይወጡበትም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር ለሞካሪዎች የሸጠውን ደግሞ «ሳናውቅ ያነሣናል» ብለው ብዙዎች ጠሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 ሜታ በሬይባን ስም ያወጣው ተራ የፀሐይ መነጽር ይመስላል።

ከፊቱ ካሜራ አለው። ጆሮ ላይ በሚያርፈው ክንዱ ውስጥ ባትሪ፣ ትንሽ ኮምፒዩተርና ድምፅ ማውጫ አሉ። በአንዳንዶቹ መስተዋት ላይ ጽሑፍ በብርሃን ይታያል፤ ሐይቁን እያያችሁ ቃል በላዩ ሲንሳፈፍ እንደማየት ነው። የሠሪዎቹ ጭንቀት ታዲያ ክብደት ነው። ባትሪው ከተለቀ አፍንጫ ይከብደዋል፤ ካነሰ ቶሎ ያልቃል። ኮምፒዩተሩም ብዙ ከሠራ ይግላል። ስለዚህ ካሜራው ያየውን በስልክ በኩል ሩቅ ወዳሉ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ይልካል። ኔትወርክ ከሌለ ማንበቡ ይቀራል።

እዚያ ሆኖ የሚያነበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል። የተማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ በእንግሊዝኛ ብዙ አገኘ፣ በአማርኛ ጥቂት። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ዋና» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ላልቶ ሲነበብ ሐይቁ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ዋናው፣ አለቃው ማለት ነው። እናንተ ከጎኑ ያለውን ቃል አይታችሁ ትለያላችሁ። ማሽኑ ይገምታል። ሲሳሳትም አይንተባተብም፤ እንደሚያውቅ ሰው ደፍሮ ይናገራል።

ለዓይነ ስውራን ትልቅ ረዳት ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በመሬት ኪራይ ውል ላይ «8 ዓመት» የሚለውን «3 ዓመት» ብሎ ቢያነብላችሁ፣ አውራ ጣቱን የሚያትመው መነጽሩ አይደለም።

ደግሞም እኚህ አባት ደብተሩን በክንዳቸው ልክ አርቀው ሲይዙ አይተናል። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር መደብዘዙ የተለመደ ነው። በ«ለ» እና በ«ሉ» መካከል ያለችው ጭረት የጠፋቻቸው ትምህርቱ ስላልገባቸው አልነበረም፤ ይህን ቀደም ብለን ማወቅ ነበረብን። የሚያሻቸው ባትሪ የሌለው ተራ የማንበቢያ መነጽር ነው። ደሴ ወጥተው ዓይናቸውን ሊያስመረምሩ ተስማምተዋል። እስከዚያው ሰሌዳው ላይ ፊደሉን አግዝፈን እንጽፋለን።