እንጦጦ ላይ ለመሮጥ ለምትመጡ ሁሉ፦ ማሳሰቢያ

ኅዳር ሲደርስ ለታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከውጭ አገርና ከክፍለ ሀገር ብዙ ሯጮች አዲስ አበባ ይገባሉ። ውድድሩ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዘመድ ጥየቃውን ከ10 ኪሎ ሜትሩ ሩጫ ጋር አስማምቶ የሚመጣ ዳያስፖራም አለ። ከእነዚህ እንግዶች ብዙዎቹ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተለማመደበት በእንጦጦ ተራራ ላይ ሳይሮጡ መመለስ አይፈልጉም። የእንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የተሠራ መሮጫ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ እንጦጦ ፓርክ ከመባሉ በፊት ሰው የሚጸልይበት፣ እንጀራውን የሚያገኝበትና አትሌት የሚለማመድበት ቦታ ነበር፤ ዛሬም ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

ሊደረጉ የሚገባቸው

1. ሰውነትዎን ያለማምዱ። መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ሲሆን የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ከሚያገኙት በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከተማው ውስጥ በእግር ጉዞና በሶምሶማ ያሳልፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

2. ትንፋሽዎን ያዳምጡ። በሚኖሩበት አገር ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሱበትን ሰዓት እዚህ አይጠብቁ። እየሮጡ ማውራት ካቃተዎት ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ ዳገቱን በእርምጃ መውጣት ነውር የለውም።

3. ከሰው ጋር ይሩጡ። አትሌቶቻችን ጫካ ውስጥ ተከታትለው፣ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። የፊተኛው ሥሩንና ድንጋዩን እያየ ይመራል፤ የኋለኛው እግሩን ተከትሎ ይረግጣል። ቢወድቁ የሚያነሳዎት፣ መንገድ ቢጠፋዎት የሚመልስዎት ሰው አጠገብዎ ይኑር።

4. መንገድ ይልቀቁ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ቁልቁለት ላይ ድንገት መቆም አይችሉም። ዳር ይዘው ያሳልፏቸው፤ «እግዜር ያበርታችሁ» ማለትም አይርሱ። ለሚለማመድ አትሌትም እንዲሁ ያድርጉ፤ ለእርስዎ ሽርሽር የሆነው ለእሱ ሥራው ነው።

5. ደራርበው ይልበሱ። የኅዳር ማለዳ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ባርኔጣና የሚጠጣ ውሃ ይያዙ።

ሊደረጉ የማይገባቸው

1. በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይሩጡ። እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ደብር ነው። በእንጦጦ ማርያምም ሆነ በቅዱስ ራጉኤል ደጅ ሲያልፉ ሩጫውን ገትተው፣ ሙዚቃውን ዘግተው በእርጋታ ይለፉ። መሳለም ከፈለጉ ነጠላና ረጅም ልብስ ይያዙ።

2. ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሡ። በተለይ ሸክም ያጎበጣት እናት ለማንም የጉዞ ማስታወሻ መሆን የለባትም።

3. በጨለማ ብቻዎን ጫካ አይግቡ። እንጦጦ የጅብ መኖሪያም ነው። እስኪነጋ ይጠብቁ።

4. ቆሻሻ አይጣሉ፤ እሳት አይለኩሱ። የሃይላንድ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉንና የብስኩቱን መጠቅለያ ይዘው ይውረዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ ከአንድ ሲጋራ ቁራጭ የተነሣ እሳት ጫካውን ሊያዳርስ ይችላል።

5. ሕመምን ችለው አይሩጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከተሰማዎት ያቁሙና ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውረዱ። ሲያርፉም ትንፋሽ የሚያጥርዎት ወይም አእምሮዎ የሚደነጋገር ከሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ለእንግዳ ተቀባዮች

እንግዳ የምትቀበሉ ዘመዶችና ወዳጆችም ድርሻ አላችሁ። ከአውሮፕላን የወረደን ሰው በማግስቱ «እንጦጦ እንውጣ» ብላችሁ አታጣድፉት፤ እንቢ ማለት ስለሚከብደው ይወጣል። መጀመሪያ ይረፍ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ይህንንም ማሳሰቢያ ያንብብ። ሊሮጥ የወጣ ቀን ደግሞ አብራችሁት ውጡ፤ መንገድ የሚለቀቅበትንና ሩጫ የሚገታበትን ቦታ ከእናንተ በላይ የሚያሳየው የለም።