ከነቀምቴ ሆነህ ስትናገር

ያን የለጠፍከውን ፎቶ አውርደው፣ ወንድሜ። የተቃጠለው ቤት የየት ነው? ቴሌግራም ላይ እንዳገኘኸው አውቃለሁ፤ እኔ የምጠይቅህ ቤቱ የት እንዳለ ነው። ጉግል ሌንስ ስልክህ ላይ አለ፤ አስገባውና ከዚህ በፊት የት የት እንደወጣ እይ። ምንም ባታገኝም የእኛ አገር ነው ማለት አይደለም፤ የላከልህን ሰው መልሰህ ጠይቅ። የሌላ ቦታ ፎቶ ሆኖ ከተገኘ፣ ከዚያ በኋላ እውነቱን ብትናገርም የሚሰማህ አታገኝም።

የፖለቲካ ውይይት በዩቲዩብ ልጀምር ነው ስትለኝ ደስ ነው ያለኝ። ስለ ወለጋ ብዙው ነገር የሚነገረው ከወለጋ ውጭ ነዋ። በ2012 ከታኅሣሥ መጨረሻ አንስቶ እስከ መጋቢት 22 ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፍቶ ነበር፤ እኛ የምሥራቅ ወለጋዎቹ ከተማ ውስጥ ስልክ ብናገኝም ኢንተርኔት አልነበረንም። ያኔ ከውጭ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ስለ እኛ የሚተነትን ሰው ደምቢ ዶሎ ያለች እናቱን እንኳ ደውሎ ማግኘት አይችልም ነበር። ክፋት ነበረበት አልልም። ኦኤምኤን በ2006 ከሚኒሶታ ሲጀምር በአፋን ኦሮሞ የሚሟገትልን ጣቢያ ብርቅ ነበር። በ2009 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ እሱንና ሌላውን የውጭ ጣቢያ ኢሳትን ማየት የተከለከለውም ሰው ስለሚያያቸው ነው።

ነገር ግን ሩቅ ያለ ተንታኝ የተናገረው ነገር ደጁ ድረስ አይመጣበትም። አንተ ነገ ጠዋት መናኸሪያ ትሄዳለህ፣ ገበያ ትወጣለህ፤ ስሙን ያጠፋኸው ሰው ልጅ ከአክስትህ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ይማራል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ የማትለውን በማይክ አትበል። ከንቲባውንም ሆነ ጫካ ያለውን በሠራው ሥራ ተቸው እንጂ በዘሩ አትጥራው። ቶሌን አስታውስ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ ያ ሁሉ ሰው፣ አብዛኛው አማራ፣ ሲገደል ተንታኙ ሁሉ አስከሬን ተነሥቶ ሳያልቅ ስለ ቁጥሩና ስለ ገዳዩ ይከራከር ነበር። ማንነታቸው የተለየ 338 ሟቾች መኖራቸውን የመንግሥት ቃል አቀባይ የተናገሩት ከ12 ቀን በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ከመጣ፣ አይምጣ እንጂ፣ እስካሁን ያረጋገጥሁት ይህን ብቻ ነው ብለህ አቁም። የሟች ቤተሰብ እየሰማህ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ለሚደውልልህ ሰው ነው። ነጆ ወይም ቤጊ ሆኖ ያየውን የሚነግርህ ሰው ስሙን ስላልጠራህ ብቻ አልተሰወረም። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ እናት ነገረችኝ ብትል ከተማው በሙሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። ድምጿን በአፕ ብትለውጠውም አነጋገሯ ያሳብቅባታል። አታሰማው፤ ያለችህን በራስህ ቃል ተናገረው። ቀበሌውን ተወው፤ ካስፈለገም ቀኑን ተወው። የላከችልህን መልእክት ከስልክህ አጥፋ፣ አንተ ብትያዝ እሷ አብራህ እንዳትያዝ። የሚፈልጋት ከየት በኩል እንደሚመጣ አታውቅም፤ እዚህ አገር ከመንግሥትም ከጫካም ወገን ጠያቂ አለ። ደግሞ ተናዳ የነገረችህን ሲነጋ መልሰህ ደውልና አሁንም ልናገረው ወይ በላት። ይቅር ካለች ይቅር።

ሕጉንም እወቀው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ምክር ቤት ሲያጸድቀው የካቲት ነበር፣ ምዕራቡ ገና ኔትወርክ ባልነበረው ጊዜ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሐሰት መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ሕግ አክብሬ እሠራለሁ ማለትም ብቻውን አያድንም። የተራራ ኔትወርኩ ጋዜጠኛ ታምራት ነገራ በታኅሣሥ 2014 አዲስ አበባ ከቤቱ ተወስዶ አራት ወር ገደማ ታስሮ ነው በዋስ የወጣው። ይህን የምነግርህ እንድትተወው አይደለም፤ አደጋ ስላለው ግን ይህን ሥራ መጀመርህን እማዬ ከሰው አፍ ሳይሆን ካንተ ትስማ።

ገንዘቡን ለጊዜው አታስበው። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ይጠይቃል፤ መሃል ላይ ማስታወቂያ ለማስገባት ደግሞ ቪዲዮው 8 ደቂቃ መሙላት አለበት። የሁለት ደቂቃ ወሬ አርባ ደቂቃ የሚጎተተው፣ ሰበር ዜና የሚለው ቀይ ጽሑፍም በየቀኑ የሚለጠፈው በዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ሹም ሽር አትጀምር፤ እሱን የሚያወራ ሞልቷል። ከኪረሙ ተፈናቅለው የመጡት ዛሬ በምን ይኖራሉ? ከዚያ ጀምር። የሚመለከተው ቢሮ ድረስ ሂድ፤ መልስ ካልሰጡህ ጠይቄ አልመለሱልኝም በል። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሥራው፤ በአንዱ ያከረርከውን በሌላው አታለሳልሰው። የቀረጽከውንም ሙሉውን ሳትቆርጥ አስቀምጥ፣ ነገ ከመሃል ቆርጠው ሲለጥፉብህ የምታሳየው እሱን ነው።