ስንቃችን ቆላውን ይችላል?

በዚህ ወር አምዳችን ስለ መንገድ ስንቅ እንነጋገራለን። ዒድ በደረሰ ቁጥር ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ዘመድ ለመጠየቅ ይነሳል። ወደ ሐረር ለሚሄደው ደግሞ ከዒድ አልፊጥር አንድ ሳምንት በኋላ የሚከበረው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ሸዋል ዒድ አለ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሐረር ያለውን፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን መንገድ ለምሳሌ እንውሰድ።

ከሱብሒ ሶላት በኋላ በአዲስ አበባ ብርድ የተነሳ መንገደኛ መተሐራንና አዋሽን ሲያልፍ ከፍታው 1,000 ሜትር እንኳ የማይሞላ ቆላ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንደገና ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ተራሮች ይወጣል። ማለዳ ሹራብ ያስለበሰ ጉዞ ቀትር ላይ ላብ ያስጠምቃል። ሰው ሹራቡን ያወልቃል፤ በመቀመጫ ሥር በፌስታል ታስሮ የተቀመጠው ምግብ ግን የሚያወልቀው ነገር የለውም። ማታ ተጠብሶ፣ ማለዳ ታሽጎ፣ ቀትር ላይ የሚፈታው የሥጋ ሳንቡሳ ሆድ የሚያሳምመው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ የሚያበላሹ ጀርሞች ለመራባት ውኃና ሙቀት ይፈልጋሉ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በፍጥነት ይባዛሉ። በመሆኑም የበሰለ ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወጥ የነካው ፍርፍርና የመሳሰለው እርጥብ ምግብ ያለ በረዶ ሳጥን ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ ከ1 ሰዓት አይለፍ። «ሸትቶ አየሁት፣ ደህና ነው» ማለት አያዋጣም፤ በሽታ የሚያመጣ ምግብ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላልና። አንዳንዶቹ ጀርሞች የሚተዉት መርዝ ምግቡ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

ደረቁ ስንቅ

የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች በአህያና በግመል ሳምንታት ሲጓዙ የሚይዙት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም ነበር። ውኃው ከወጣለት ምግብ ላይ ጀርም በቀላሉ አይራባምና። እኛ ዛሬ ይህን ስንቅ ትተን በብስኩትና በለስላሳ መተካታችን፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከሥልጣኔ የሚቆጠር አይደለም። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለው፤ 7 የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ልጁ ከጠጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ርቦት ያለቅሳል።

በሶን የመሰለ የመንገድ ምግብ የለም። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በንጹሕ ውኃ ከመበጥበጥ በቀር ሌላ ማብሰል አይፈልግም፤ በውስጡ ያለው አሰር ደግሞ ቶሎ እንዳይርበን ያደርጋል፣ ቁጭ ብሎ መዋል የሚያመጣውን የሆድ ድርቀትም ያቀልላል። ዱቄቱን ደረቁን ይዛችሁ የምትጠጡትን ያህል ብቻ በጥብጡ፤ የተበጠበጠው እርጥብ ምግብ ሆኗልና አይቀመጥም። በቅቤ የታሸ ጭኮም ይሆናል፣ ቅቤው ግን በደንብ የተነጠረ ይሁን። ከቆሎው ጋር ሽምብራና ሱፍ ብትቀላቅሉ ፕሮቲኑ ይጨምራል። ቴምርም አይረሳ፤ በጾም ቀን መግሪብ መንገድ ላይ ለሚደርስበት ሰው ከውኃ ጋር ይበቃዋል።

ስለ ለውዝ አንድ ነገር እንጨምር። ሻጋታ የያዘው፣ የጨማደደው ወይም ቀለሙ የተለወጠው ፍሬ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ይችላል። መቁላት ይህን መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ከመቁላታችሁ በፊት በሰፌድ አድርጋችሁ ልቀሙት፤ የተለቀመውንም ለዶሮ አትስጡ።

የሥጋ ነገር ለኛ ለሙስሊሞች ድርብ ጉዳይ ነው። በየመንገዱ ባለው ምግብ ቤት የታረደበትን ሁኔታ ሁልጊዜ ጠይቆ ማረጋገጥ ያስቸግራል። በቤት የተዘጋጀ፣ በሚገባ የደረቀና ጠብሰን ያንኮሻኮሽነው ቋንጣ ግን ሐላልነቱንም ንጽሕናውንም እናውቀዋለን። ሲሰበር ኩም የሚለው ለመንገድ ይሆናል፤ ሲያጥፉት የሚለመጠው ገና እርጥበት አለውና በቤት ይበላ።

እርጥብ ነገር ፈጽሞ አትያዙ ማለታችን አይደለም። ማለዳ የተጠበሰ የምስር ሳንቡሳ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ቆላው ሳይጀምር፣ አዳማ ሳይታለፍ ይበላ። ትኩሱን ግን አትሸፍኑት፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆንበታል። ቀዝቅዞ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ክዳን ባለው ሳሕን ይያዝ እንጂ በጋዜጣ አይጠቅለል፣ ቀለሙ ምግቡ ላይ ይለቃል። ፍራፍሬ ከሆነ ሙዝና ብርቱካን ይመረጣሉ፤ ልጣጫቸው ሽፋናቸው ነው። ለውዱእ ከያዛችሁት ውኃ ጥቂት ቀንሳችሁ፣ ከትንሽ ሳሙና ጋር፣ ከመብላት በፊት የልጆቹን እጅ አስታጥቡ።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ

ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቆሎም ሆነ ሙሉ ለውዝ አትስጡ። መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ወይም ልጁ እየሳቀ ሳለ ፍሬው ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል፤ በአዋሽና በጭሮ መካከል ደግሞ ሐኪም ፍለጋ ቀላል አይደለም። ለእነርሱ ለስላሳ ዳቦ፣ ሙዝና ፍሬው ወጥቶ የተቆራረጠ ቴምር ይሻላል። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም።

የስኳር ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች መኪናው እስኪቆም ምግብ እየጠበቁ መድኃኒታቸውን ብቻ ወስደው መቀመጥ የለባቸውም። ያለ ስኳር የተዘጋጀ በሶ በእጃቸው ይሁን። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ይደገም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር አይቀመጥ።

ብዙ ሰው፣ በተለይም እህቶቻችን፣ መጸዳጃ ቤት አይገኝም በሚል ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በቆላው ሙቀት ይህ ራስ ምታት ያመጣል፣ ለሽንት ቧንቧ ሕመምም ያጋልጣል። ሶላት የሚሰገድባቸውን መስጂዶች አስቀድማችሁ ከሾፌሩ ጋር ብትነጋገሩ ይህም ችግር አብሮ ይቃለላል። ምናልባት አንዱ ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው ከፋርማሲ የተገዛ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ) ከስንቁ ጋር ይኑር። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት ነው፤ ጨው ግን አይብዛ። የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አይከልከል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ደም ከቀላቀለ እስከ ሐረር ሳትጠብቁ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውረዱ።

ስትደርሱ የተረፈው ቆሎና በሶ ለመልስ ጉዞ ይቀመጥ። እርጥቡ ትራፊ ግን «ያሳዝናል» ተብሎ ለአስተናጋጅ ቤት ልጆች አይሰጥ።