የማያቋርጥ

በእንግሊዝ ቋንቋ «ኢንሴሳንት» የሚባል ቃል አለ፤ ትርጓሜውም የማያቋርጥ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። በመነሻው ያለው «ኢን» አሉታ ነው፤ የቀረው ክፍል ማቆም፥ መተው ማለት ነው። የአማርኛውም ቃል እንዲሁ ተሠርቷል። ቆረጠ ከሚለው ግስ አቋረጠ ወጣ፤ አሉታ ሲገባበት የማያቋርጥ ሆነ። ገመድን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢዳስሱት የተቆረጠ ስፍራ ካልተገኘበት፥ የማያቋርጥ ነገር እንደዚያ ያለ ነው።

ቃሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በችኰላ ይናገረዋል። ቀድሞ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ ከተማ የሚኖር ሰው፥ የዚህ አገር ነፋስ አያቋርጥም ይላል። በእውነትም ነፋሱ ብርቱ ነው። ስለ ብርታቱም በከተማው አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ታላላቅ የነፋስ መዘውሮች ተተክለዋል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ሥራ የጀመሩት 34፥ በ2015 የተጨመሩት 102 ናቸው። ነገር ግን መዘውሮቹን ልብ ብሎ የሚመለከት ልጅ፥ ክንፋቸው ቀጥ ብሎ የቆመበትን ሰዓት ያያል። እንግዲህ ነፋሱ ያቋርጣል። ብርቱ መሆንና አለማቋረጥ አንድ አይደለም።

የአዋሽ ወንዝ ግን ለቃሉ የተገባ ነው። ወንዙ ከጊንጪ አጠገብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፥ በቆቃና በወንጂ አልፎ፥ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጅቡቲ ወሰን ባለው በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። በክረምት ይሞላል፥ በበጋም ይጎድላል፤ ጎደለ ማለት ግን አቋረጠ ማለት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የቆቃ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የክረምቱ ውሃ በሐይቁ ተጠብቆ በበጋ ይለቀቃል። የወንጂ ሸንኰራ አገዳ የሚጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ነፋሱ አንድ ቀን ቢተኛ መብራቱ ከሌላ ስፍራ ይመጣል፤ አዋሽ በበጋ ቢያቋርጥ ግን አገዳው በቆመበት ይደርቃል። የሶደሬም ፍል ውሃ ከዚሁ ከአዋሽ ዳር፥ ሰው ቢታጠብበትም ባይታጠብበትም፥ ቀንና ሌሊት ከምድር ይወጣል።

ለዚህ ቃል «ዘወትር» የሚባል ጎረቤት አለው፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። የዘወትር ጸሎት የሚባለው በየቀኑ የሚደርሰው ነው፤ በጸሎቱና በሚቀጥለው ጸሎት መካከል ሰው ያርሳል፥ ይነግዳል፥ ይተኛል። ዘወትር የሆነ ነገር ተመልሶ ይመጣል፤ የማያቋርጥ ነገር ግን አልሄደምና አይመለስም።

ሆኖም ዘወትር የሚደረግ ነገር የማያቋርጠውን ያህል የሚሠራበት ጊዜ አለ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በብዙ የጕድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተሟሙቶ ይገኛል። ጥቂቱ ጥርስን ይጠብቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ይላል። ከዚያ የበዛበትን ውሃ መንገደኛ አንድ ኩባያ ቢጠጣ ምንም አይሆንም። በዚያ ስፍራ የሚያድግ ሕፃን ግን፥ ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሲሠራ ሳለ፥ ዛሬም ነገም ከርሞም ይጠጣዋል። ጥርሱም በወጣ ጊዜ ጠይሞ፥ አንዳንዱም ተቦርቡሮ ይታያል። መጠኑ እጅግ በዝቶ ብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትንም ያደርቃል፥ ወገብንም ያጎብጣል። ይህ በወንጂ በሰፊው የታየ ነገር ነው። ስለዚህ ጥርሱ የጠየመውን ባልንጀራ መፋቂያ አያውቅም ብሎ መሳቅ አላዋቂነት ነው፤ የቱንም ያህል ቢፋቅ አይነጣለትም። ውሃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ ከተቃጠለ አጥንት በሚሠራ ማጣሪያ ማሳለፍ፥ ወይም ከሌላ ምንጭ መቅዳት ያስፈልጋል።

ወደ እንግሊዝኛው ቃል ለመመለስ፥ እንግሊዞች «ኢንሴሳንት»ን ለሁሉ አይሰጡትም። አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ሰውን ስለሚያሰለች ነገር ነው፤ ስለማያባራ ዝናም፥ ስለ ጩኸት፥ ስለ ንዝንዝ። የእናትን ፍቅር በዚህ ቃል ቢጠሩት ስድብ ሊመስል ይችላል። አማርኛ ግን «የማያቋርጥ»ን ለበጎውም ለክፉውም ይሰጣል። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ትርጓሜውን ያውቃል፥ ስፍራውን ግን አያውቅም።

አንድ የአዳማ ተማሪም በደብተሩ ላይ «ትምህርቴን ያለማቋረጥ አጠናለሁ» ብሎ ጻፈ። መምህሩም አነበበና፥

«ሌሊት ትተኛለህን?» ብሎ ጠየቀው።

«እተኛለሁ፥ የኔታ።»

«ኳስስ?»

ልጁ ሣቀ። ደብተሩንም ተቀብሎ ቃሉን ሰረዘና «ዘወትር ማታ አንድ ሰዓት ያህል አጠናለሁ» ብሎ ጻፈ። ጥቂትም አሰበና «ዘወትር» የሚለውን ደግሞ ሰርዞ «ከእሑድ በቀር» ብሎ ጨመረ።